መብራት ሲመጣ እንድናውቅ

መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ያሳደገን ጌታ ባለሽበት በሰላሙ ይክበብሽ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? በቀኙ ላይ የወረደው ሞራ ወደ ግራው ሳይሻገር ሐኪም ቤት እንድትሄጂ ለምኜሽ ነበር፤ «ከዘር በኋላ» ብለሽኝ ዘሩም አለፈ። እንሰቱስ? ያ አጠውልግ ያልሽኝ በሽታ ከጓሮው ወጣ ወይስ ገና እየነቀላችሁ ነው? ሆሳዕና አካባቢ ዝናቡ በጊዜው ገባ ሲሉ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ «እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ይላል። እኔም ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌላውን ወደ ታች ታገኚዋለሽ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽን ድምፁን ለቀሽ ስለምታወሪ ነው። እኔ «ሃሎ» ስል ቤት ሙሉ ሰው «ሃሎ» ይለኛል። ይህ ነገር ለጎረቤት ጆሮ አይሆንም። እውነቱን ልንገርሽ ካልኩ ደግሞ፣ በአፌም ሞክሬ አቅቶኛል።

ደብዳቤው አራት ቅጠል ነው። በጣትሽ እየዳሰስሽ ቁጠሪያቸው። ማን እንደሚያነብልሽ አውቃለሁ፤ ስለ አንባቢሽ ኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው የምለምንሽ፣ አራቱም ሳያልቁ «በቃ ገባኝ» እንዳትዪ ነው። አንባቢው «የቀረው ሰላምታ ነው» ቢልሽ እንኳ አትመኚው።

ስለ ማሽኑ ልጀምር። አንቺ «ያ ብረት» ነው የምትዪው፤ እኔም ምን እንደሆነ በቅጡ አስረድቼሽ አላውቅም። የሻይ ጠረጴዛ ያክላል። ከላዩ አንድ ሞተር ተንጠልጥሏል፤ ሞተሩ ጫፍ ላይ ስለታም መቁረጫ ይታሰራል። ሞተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እየሄደ እንጨት ይቀርጻል፤ መንገዱን የሚነግረው ኮምፒውተር ነው። ሲኤንሲ ይሉታል። አዲሱን ከውጭ የሚያስመጡት ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። እኛ ግን ከወዳደቀ ነገር ሠራነው።

«እኛ» የምለው ከልማድ ነው። የሠራው ልዑልቃል ነው። የእኔ ሥራ ፎቶኮፒና ፕሪንተር መጠገን ስለሆነ የሞቱ ማሽኖች ቤታችን ይከማቻሉ። እኔ ለመለዋወጫ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ወንድሜ ግን ሆዳቸውን ከፍቶ ዘንጎቻቸውን ማውጣት ጀመረ። ምን ልትሠራበት ነው ስለው «ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር» ይለኛል። እሑድ እሑድ ሀና ማርያም ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ይጫወታል፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነገር ይፈልጋል። ሚስት ፈልግ ስለው ይስቃል።

ነፋስ ስልክ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት የሚሸጥ ጀማሉዲን የሚባል የስልጤ ሰው አለ። ልዑል አዘውትሮ ግቢው ስለሚመላለስ «አንተ ልጅ፣ ብረቱን ነው የምትፈልገው ወይስ ልጄን?» እያለ ያበሽቀዋል። አንድ ቀን ደውሎ የበሽታችሁ መድኃኒት መጥቷል አለን። ስንሄድ ከተዘጋ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የወጣ ማሽን ተበታትኖ ተኝቷል፤ ከውስጡ ሁለት ሐዲድ። ልዑል ሲያያቸው ተንበረከከ። ጀማሉዲን «ይኼ ልጅ ለብረት ሰገደ» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ሁላችንም ሳቅን። ወሬው አንቺ ጋ የደረሰ ቀን ግን እንዳልሳቅሽ አውቃለሁ።

ሐዲዱ ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ብረት አለ፤ ውስጡ የጎመን ዘር የሚያክሉ ኳሶች ተደርድረዋል። ዝገው ነበር። ልዑል በሳህን ነጭ ጋዝ ሞልቶ አንድ በአንድ አጠባቸው። አንዷ ጠፍታበት ወለሉን ሁሉ በማግኔት ጠረገ፤ እኔንም ከነፍራሼ አስነሳኝ። ሰደብኩት። አገኛትና ሳማት።

አንደኛው ሐዲድ ትንሽ ጎብጦ ነበር። ከለስላሳ ጣሳ የቆረጠውን ስስ ቆርቆሮ ከሥሩ እያስገባ አቃናው። መቃናቱን የሚለካው በጣቱ ነው። ዓይኑን ይጨፍንና የቀኝ እጁን ሌባ ጣት በሐዲዱ ላይ ያስኬዳል፤ ድንገት ቆም ብሎ «እዚህ ጋ አንዲት ወረቀት ታክላለች» ይላል። እኔ በመለኪያ ስለካው ልክ ነው። ቀናሁበት፣ እማዬ። አሥራ አምስት ዓመት ብረት ነክቼ የእኔ ጣት ያን አያውቅም።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ መቁረጫ አላሰረበትም፤ እስክርቢቶ አሰረበት። ባለፈው ገና የደረሰሽ፣ «እናታችን፣ በአንቺ እንኮራለን» የሚለው፣ ማተሚያ ቤት የታተመ የመሰለሽ ወረቀት፣ የዚያ ማሽን የመጀመሪያ ሥራ ነው። ግድግዳሽ ላይ እንደሰቀልሽው ሰምቻለሁ። «ያ ብረት» ቤትሽ ገብቶ ተሰቅሏል ማለት ነው።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰባኪው የሚቆምበትን የአዲሱን ምስባክ የፊት ሰሌዳ እንድንቀርጽ አዘዙን። የዋንዛ ጣውላ ነበር፣ ሽታው ደስ የሚል።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ።

ልጆች ሳለን መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጊ እንደነበር ታስታውሻለሽ? ሬዲዮኑን እንዳናጠፋው ትከለክዪን ነበር። «ተዉት፤ መብራት ሲመጣ እሱ ይንገረን» ትዪ ነበር። እኛም ደብተራችንን አጥፈን ሬዲዮኑን እንጠብቃለን፤ ድንገት ዜና አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ መሃል ሲጮህ እንስቃለን። የአንቺ ቤት ልማድ ብቻ አይደለም። እዚህ የምንኖርበት ግቢም ተከራዩ ሁሉ አንዳች ነገር አብርቶ ይተዋል። አንዱ አምፖል፣ አንዱ ቴሌቪዥን።

ልዑል ይህን ስለሚያውቅ ለማሽኑ አንድ ሕግ አወጣ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ጋ ያለው ሰው የሞተሩን ማብሪያ ሳያጠፋ ንቅንቅ አይልም። ማብሪያው ያለው ከግድግዳው በኩል፣ እኔ ከምቀመጥባት ዱካ ጎን ነው። በበሩ የገባ ሰው ጠረጴዛውን ዞሮ ካልመጣ አይደርስበትም። ይህችን ልብ በዪልኝ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ልዑል ዳቦና ቲማቲም ሊገዛ ወጣ፤ ማሽኑ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ግማሽ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሞተሩ እየደከመ ዝም አለ። እጄን ወደ ማብሪያው ዘረጋሁ፤ ከዚያ መለስኩት። በልቤ ያልኩትን በደንብ አስታውሳለሁ፤ «ተወው፤ ሲመጣ እሱ ይንገረን» ነው ያልኩት። ይህን የምጽፍልሽ ጥፋቱን ላካፍልሽ ፈልጌ አይደለም። ቃሉ የአንቺ ነው፣ እጁ ግን የእኔ ነው።

ወጥቼ ከአከራያችን ከእትዬ ገዲሴ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ እያማረርን ሳለ ልዑል ዳቦውን ይዞ ገባ። በአጠገቤ ነው ያለፈው። ራበህ ወይ አለኝ፤ ቶሎ በል አልኩት። «አላጠፋሁትም» ማለት አንድ ቃል ነበር። ትዝም አላለኝ። እሱ ዳቦውን አስቀምጦ፣ ሕጉን አምኖ፣ መቁረጫው ላይ የተጠመጠመውን ፍቅፋቂ ሊያወጣ እጁን ከሥሩ አስገባ።

መጀመሪያ የሰማሁት የግቢውን ልጆች ነው። «መጣ! መጣ!» እያሉ አጨበጨቡ። እትዬ ገዲሴ እልል አለች። ከዚያ ሞተሩን ሰማሁ። ከዚያ እሱን።

ጣቶቹን ለማትረፍ ሐኪሞቹ ሁለት ቀን ደክመው እንዳልሆነላቸው ታውቂያለሽ። ሌባው፣ የመሃሉ፣ የቀለበቱ ሄዱ፤ አውራ ጣቱና ትንሿ ቀሩ። ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሆነውን ነው። እጁ በእትዬ ገዲሴ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ጋሼ፣ ማብሪያውን አጥፍተኸው አልነበረም?» አለኝ። እኔም አጥፍቼዋለሁ፣ ስትገባ ነክተኸው ይሆናል አልኩት። አየኝ። «ይሆናል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠየቀው ሰው ሁሉ «በገዛ እጄ ነው» ይላል።

ለምን እንደዋሸሁ አንቺ ታውቂዋለሽ። ልዑልን ወደዚህ ይዤው ስወጣ መናኸሪያው በር ላይ እጁን በእጄ ላይ አድርገሽ አደራህን አልሽኝ። የሰጠሽኝም ሳትፈሪ አይደለም። በረቱን ሳልዘጋ ሄጄ ጥጃ በጅብ ያስበላሁት እኔ ነኝ፤ «ዝንጉው» የሚለውን ስም ያወጣሽልኝ ያን ጊዜ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ወንድሜ ደሙ እየፈሰሰ፣ እኔ ያን ስም ፈራሁ። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሰሌዳውን የጨረስኩት እኔው ነኝ። ደሙ የገባበትን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቫርኒሽ ቀባሁት። ዋንዛ ደግሞ ይመጥጣል። ደሙ አሁንም የቀረበትን ቦታ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ልዑል ምስክርነት ልስጥ ብሎ ወጣና ከዚያው ሰሌዳ ኋላ ቆመ። የመዘምራን ልምምድ እየቀረሁ ከብረት ጋር ስውል ነበር አለ። ጌታ ስለወደደኝ ቀጣኝ አለ። ማብሪያውን በገዛ እጄ አበራሁት፣ ማንም ላይ አታሳብቡ አለ። ጉባኤው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። እኔም አልኩ፣ እማዬ። አሜን አልኩ። ድምፄ ከሰው ሁሉ በላይ የወጣ መሰለኝ። አጠገቤ የነበረች ሴት እያለቀሰች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

አሁን ኪቦርዱን ሌላ ልጅ ይጫወታል። ልዑል የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። መዝሙር ሲጀመር የቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል።

አንቺንም ተቀይሜሻለሁ፤ ልሰውረው አልችልም። ምስክርነቱን ከሰማሽ በኋላ በዚያ ድምፁን በለቀቅሽው ስልክ፣ በሰው ፊት፣ ጌታ የወሰደብህ እንዳታመልክበት ነው አልሽው። ብረቱን በኪሎ ሽጠህ ና፣ እዚህም ጉባኤ ፊት ቆመህ ንስሐ ግባ፣ ሽማግሌዎች ይጸልዩልህ፣ ከእንግዲህ ከእናትህ ጓሮ አትወጣም አልሽው። እሱ ምን እንዳለሽ ታስታውሻለሽ? «እሺ እማዬ» ብቻ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ መዝሙር አንዴ ሰምቶ የሚጫወት፣ በጣቱ የወረቀት ውፍረት የሚያውቅ ሰው፣ ባልሠራው ጥፋት ራሱን ኃጢአተኛ አድርጎ ሊቀበርልሽ እሺ አለ። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ሁለተኛ ጉባኤ ፊት እንዲቆም ካደረግሽው ተመልሶ ሰው አይሆንም።

አሁን ደግሞ ባለፈው ማክሰኞ የሆነውን ስሚ።

ከሥራ ስመለስ ልዑል ካቻቢቴ በግራ እጁ ይዞ ከማሽኑ ሥር በጀርባው ተኝቷል። ከአደጋው ወዲህ ነክቶት አያውቅም። ለጀማሉዲን ሊመልሰው እየፈታታ ነው ብዬ ሻይ አፈላሁ። በሁለት ጣትና በጥርሱ ሽቦ ሲልጥ ማየት ስላልቻልኩ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ። ልርዳህ አላልኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

እየፈታታ አልነበረም። ኮንታክተር የሚባል ነገር እየገጠመ ነበር። ጥቅሙን ላስረዳሽ። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ማብሪያው በርቶ የተተወ ቢሆን እንኳ፣ ሞተሩ በራሱ አይነሳም። ሰው መጥቶ አረንጓዴውን ቁልፍ ካልተጫነ ዝም እንዳለ ይቀመጣል። ከጎኑ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቀይ አምፖል አድርጓል። መብራት ሲመጣ የምትበራው እሷ ናት። የተገጠመችው ከግድግዳው በኩል ነው፣ ከዱካዬ ፊት ለፊት።

እስቲ አስቢው፣ እማዬ። ማብሪያ ሳያስበው ነክቶ ያበራ ሰው፣ ዳግመኛ እንዳይነካው ክዳን ይሠራለታል። ልዑል ክዳን አልሠራም።

ጨርሶ ተነሳ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ። ማሽኑን እንዳትሸጠው አለኝ። ቀጥሎ አምፖሏን በትንሿ ጣቱ ነካ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እሷ ትንገርህ» አለኝና ራት ሊያሞቅ ሄደ። ሬዲዮኑን እሱም ያስታውሰዋል። ከጥር ጀምሮ አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ቀን ሆነ። በየቀኑ ልነግረው አፌን እከፍታለሁ፤ ስለ ወጡ ጨው ተናግሬ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ ይህን መላ ዘየድኩ። እሱ ዛሬ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቹን ሊሰናበት ወጥቷል። ነገ ጠዋት ወደ አንቺ ይሳፈራል። ደብዳቤውን በፕላስተር አሽጌ ቦርሳው ውስጥ፣ ላንቺ ከገዛነው ሻርፕ ሥር አደርገዋለሁ። ያንቺ ልጅ የታሸገ ነገር እንደማይከፍት አውቃለሁ። የሰፈሩ አስተማሪ ደብዳቤሽን አንብቦልሽ ወሬው ገበያ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ከልዑል በቀር ለማንም እንደማታስነብቢ አውቃለሁ።

እንግዲህ አንባቢሽ እሱ ነው።

ልዑልዬ፣ አሁን አንተን ነው የማናግረው። እስከዚህ ሳትቀንስ አንብበህላት ከሆነ ጌታ ይባርክህ። ግን አውቅሃለሁ። ሦስተኛው ቅጠል ላይ ስትደርስ ጉሮሮህን ጠርገህ ማብሪያውን ዘልለኸዋል። ኮሪደሩንም ዘልለኸዋል። «ጋሼ በጣም ይወድሻል ይልሻል» ብለህ ከራስህ ጨምረህላት ይሆናል። ተመለስ፣ ወንድሜ። ከ«ጥር 17» ጀምረህ እንደገና አንብብላት። ድምፅህን ከፍ አድርግ። ያ ነገር በገዛ እጅህ አልሆነም፤ ይህን አንተ ከእኔ ቀድመህ ታውቃለህ፣ እኔም እንደምታውቅ አውቄያለሁ። የትም ጉባኤ ፊት አትቁም። የሚቆም ሰው ካስፈለገ ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፤ እዚህ ምስባክ ፊትም ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ፕሮግራም ላይ፣ እቆማለሁ። ለሽማግሌዎቹ ነግሬያቸዋለሁ።

እማዬ፣ ድምፁ ከተቆረጠ ዝም ብለሽ ጠብቂው። የቀኝ እጁን ያዢው። ሲጨርስ አራቱን ቅጠል ቆጥረሽ ተቀበዪው፤ አንዱ ከጎደለ ኪሱ ውስጥ ነው።

ይህን ስጽፍ መብራት የለም። በመስኮቱ ብርሃን ነው የምጽፈው። ቀና ባልኩ ቁጥር አምፖሏን አያለሁ፤ ገና አልበራችም።

ጌታ ለዓይንሽ ብርሃን፣ ለጉልበትሽ ብርታት ይስጥሽ። ጓሮሽን ከበሽታ፣ ደጅሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። የላክሁልሽን ልጅ በሰላም ያግባልሽ፤ ዳግመኛ በሰላም ወደ ሥራው ይመልሰው። እኔን ይቅር ማለት ከከበደሽ አልቸኩልብሽም፤ እሱን ግን ዛሬውኑ፣ ደብዳቤው ሳይታጠፍ፣ መርቂው።

ዝንጉው ልጅሽ